9 ከ47

ፖከር ስንማር አንድ ሰው የጠየቃት ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላ ከርማለች። ጠያቂው እንደ እኔው ጀማሪ ነው። አስተማሪያችን ካርታውን በውዞ አደለና የአንዱን እጅ ገልጦ አሳየን፦ የልብ አስ እና የልብ 5። ከዚያ ፍሎፑን፣ ማለትም ሁሉም የሚጋራቸውን የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች፣ መሀል ላይ ዘረጋ። የልብ ኪንግ፣ የልብ 8 እና የክለብ 3። አራት ልብ ተገኘ ማለት ነው። አንድ ቢጨመር ፍለሽ፣ ማለትም ምልክታቸው አንድ የሆነ አምስት ካርታ፣ ይሆናል።

«ሂሳቡ ቀላል ነው» አለን። «ካርታው 52 ነው። አምስቱን አይተናል፣ 47 ቀርቷል። ልብ በጠቅላላው 13 ነው። አራቱ እዚህ አሉ፣ ዘጠኙ ቀርተዋል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ልብ የመሆን ዕድሉ 9 ከ47 ነው። 19 በመቶ ገደማ በሉት።»

«ቆይ እንጂ» አለ ያ ጀማሪ። «ሌሎቻችንም እኮ ሁለት ሁለት ካርታ ይዘናል። ከዘጠኙ ልቦች ጥቂቱ እኛ እጅ ውስጥ ቢሆንስ? አንተ ግን ዘጠኙም ገና ካልታደለው ውስጥ እንዳሉ አድርገህ ነው የምትቆጥረው።»

አስተማሪያችን ትንሽ አሰበና «እንደዚህ ነው የሚሰላው» ብሎ ወደ ሌላ ምሳሌ አለፈ። ጨዋታው ቀጠለ። ጠያቂውም ዝም አለ።

እኔ ግን አላለፈልኝም። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ስለ ፖከር ዕድል ሲጠየቅ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ሰዎቹ እጅ ውስጥ ያለ ካርታ በምንም ተአምር ከክምሩ ላይ ሊመጣ አይችልም። ታዲያ ለምንድን ነው የሌለን ነገር የምንቆጥረው? «እንደዚህ ነው የሚሰላው» ደግሞ መልስ ሳይሆን መገላገያ ነው።

ሁለት ጊዜ የመጣው ቁጥር

ቤት ገብቼ ያንኑ እጅ አወጣሁ። አምስቱን ካርታዎች ፊታቸውን ገልጬ አስቀመጥኩ። የቀሩትን 47 በውዤ ፊታቸውን ደፍቼ በተርታ ዘረጋኋቸው። ትልቅ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ እንዳትሳሳቱ።

ከዚያ ጣቴን አንዱ ላይ አሳረፍኩ። ልብ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? 9 ከ47። ሌላኛው ላይስ? ያው ነው። ዳር ላይ ያለው፣ መሀል ላይ ያለው፣ ሁሉም እኩል ነው። ይሄ ማንንም አያከራክርም። አሁን ሁለቱን ካርታዎች ወደ ጎን አወጣሁና «እነዚህ የተጋጣሚዬ ናቸው» አልኩ። ሌሎች ሁለት መረጥኩና «እነዚህ ደግሞ ተርን እና ሪቨር ናቸው» አልኩ። አራተኛውና አምስተኛው የጋራ ካርታ ማለት ነው።

ስሌቱን የሠራሁት በዚህ ጊዜ ነው። ተርንና ሪቨር ሁለቱም ልብ ሳይሆኑ የሚቀሩበት ዕድል፦ ካልታዩት 47 ውስጥ 38ቱ ልብ አይደሉም፤ አንዱ ሲወጣ ከ46 ውስጥ 37 ይቀራሉ። 38 ለ47 ሲካፈል፣ በ37 ለ46 ሲባዛ፣ 65 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ፍለሹ የሚሞላበት ዕድል 35 በመቶ ነው።

ቀጥሎ የተጋጣሚዬን ሁለት ካርታዎች አሰላሁ። ሁለቱም ልብ ያልሆኑበት ዕድል ስንት ነው? ብዕሬን አንስቼ 38 ለ47 ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ቁጥሩ ያው ራሱ ነው። ሌላ ሊሆንም አይችልም። ፊታቸው ከተደፋ 47 ካርታዎች ውስጥ ሁለት መምረጥ ነው፤ የአንዱ ጥንድ ስም ተርንና ሪቨር፣ የሌላኛው ጥንድ ስም ተጋጣሚ። ስማቸውን ብለዋውጠው ካርታዎቹ አያውቁም።

ተጋጣሚዬ ቢያንስ አንድ ልብ የመያዙ ዕድል 35 በመቶ፣ የእኔ ፍለሽ የመሙላቱ ዕድልም 35 በመቶ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰዎቹ እጅ ውስጥ ያለውና ክምሩ ላይ ያለው ካርታ ለእኔ ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱንም አላየሁም። 47ቱ «ክምሩ ላይ የቀሩ ካርታዎች» አይደሉም። «እኔ ያላየኋቸው ካርታዎች» ናቸው።

የጀማሪው ስጋት ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለምና እሱንም እስከ መጨረሻው ሄድኩበት። እውነት ነው፣ ተጋጣሚዬ ልብ ከያዘ የእኔ ዕድል ይቀንሳል። አንድ ልብ ይዞ ከሆነ ቀጣዩ ካርታ ልብ የመሆን ዕድሉ 8 ከ45 ነው፣ 17.8 በመቶ። ሁለት ይዞ ከሆነ 7 ከ45፣ 15.6 በመቶ። ግን ምንም ካልያዘስ? 9 ከ45። ይሄ 20 በመቶ ነው፣ ማለትም ከመጀመሪያው ቁጥር ይበልጣል! ልብ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎችን ከመንገዴ አንስቶልኛልና።

አሁን እያንዳንዱን በሚሆንበት መጠን እንመዝነው። ምንም ልብ ያልያዘበት 65 በመቶ፣ አንድ የያዘበት 32 በመቶ ገደማ፣ ሁለት የያዘበት 3 በመቶ ገደማ። አባዙና ደምሩ። 19.15 ይመጣል። 9 ለ47 ስታካፍሉም 19.15። ጥያቄው ልብ ሊያዝ እንደሚችል አስታወሰ፤ ልብ ያልሆነውም አብሮ እንደሚያዝ ግን ረሳ። ልብ ያልሆነው ደግሞ 38 ነው፣ ከልቡ አራት እጥፍ ይበልጣል። ተጋጣሚዎቹ አንድም ይሁኑ ስምንት፣ ምንም እስካላየን ድረስ ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም።

ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው

ይሄ ከገባኝ በኋላ የፖከር ውድድሮችን በቴሌቪዥን ማየት ሌላ ነገር ሆነብኝ። ድሮ ተመልካች የተጫዋቾቹን ካርታ አያይም ነበር። እጅ እስኪገለጥ ድረስ አብሮ በጨለማ መቀመጥ ነው። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ሄንሪ ኦረንስታይን የተባለ የአሻንጉሊት ፈጣሪ የተደፉትን ካርታዎች ከጠረጴዛው በኩል የሚያሳይ ካሜራ በስሙ አስመዘገበ። ፖከር በቴሌቪዥን እንደ ኳስ መታየት የጀመረው በዚህ ሰበብ ነው።

አሁን ስክሪኑ ላይ ከእያንዳንዱ ሰው ስም ጎን መቶኛ ይወጣል። አንዱ 26 በመቶ፣ ሌላው 74 በመቶ። እኛም ሶፋ ላይ ተዘርግተን «ይሄ ሰውዬ አብዷል እንዴ? በ26 በመቶ ገንዘቡን ይከፍላል?» እንላለን። ሰውዬው ግን 26 የሚለውን ቁጥር አላየም። ሊያየውም አይችልም። ቁጥሩ የተሰላው የሁለቱንም እጅ ለሚያይ ዓይን ነው። የእሱ ቁጥር ሌላ ነው፣ የተጋጣሚውም ሌላ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ክምር፣ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። የክምሩ የላይኛው ካርታ ደግሞ ልብ ወይም ልብ ያልሆነ ሆኖ ከተበወዘበት ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብሏል። እሱ ዘንድ መቶኛ የሚባል ነገር የለም። መቶኛው ያለው እኛ ዘንድ ነው።

ይሄን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው «ታዲያ ቁጥሩ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ያላወቅኩትን ያህል በልክ ማወቅ ትንሽ ነገር ነው እንዴ?

የሚያስታውስና የማያስታውስ

ሰዎች ስለ ዕድል ሲያወሩ ሁለት ነገሮችን ያምታታሉ። አንዱ እጅ ውስጥ፣ ከካርታ ወደ ካርታ፣ ያለፈው የሚመጣውን ይነካዋል። አራት ልብ ከወጣ የቀረው ዘጠኝ ነው፤ ይሄ ሀቅ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ግን፣ ካርታው ሁሉ ተሰብስቦ በደንብ ከተበወዘ፣ ያለፈው አለፈ። 52 ካርታ ሊደረደር የሚችልባቸው መንገዶች ብዛት ባለ 68 አሃዝ ቁጥር ነው። እዚያ ውስጥ «ሦስት እጅ ሙሉ ተቃጥያለሁና አሁን ይገባኛል» የሚል ስሌት የለም።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 18 ቀን 1913 ሞንቴ ካርሎ ካሲኖ ውስጥ የሩሌቷ ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች። ጥቁር በተደጋገመ ቁጥር ሰው ያለውን ገንዘብ ቀይ ላይ ያፈሰዋል። «ከአሁን በኋላማ ቀይ ሳይወጣ አይቀርም» ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሩሌት ክምር የላትም። ከውስጧ የሚጎድል ጥቁር፣ የሚቀር ቀይ የለም። ካርታ ላይ የሚሠራውን አስተሳሰብ ወስደው ምንም የማይቀነስበት ቦታ ተከሉት። ፖከር ጠረጴዛ ላይም ይሄው ስህተት በየቀኑ አለ፤ «ዛሬ ልብ እምቢ ብሎኛል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል።

ደረጃው ከየት መጣ

በዚሁ የእጆቹን ደረጃ በአጭሩ ልንካው፣ ብዙ ሰው በቃሉ ነውና የሚሸመድደው። ከ52 ካርታ አምስት የሚመረጥበት መንገድ 2,598,960 ነው። ፍለሽ 5,108 ጊዜ ይገኛል። ስትሬት፣ ማለትም ተከታታይ ቁጥር፣ 10,200 ጊዜ። ፍለሽ ስትሬትን የሚያሸንፈው በቃ ግማሽ ያህል ስለሚገኝ ነው። ሮያል ፍለሽ፣ ማለትም ምልክታቸው አንድ የሆነ ከ10 እስከ አስ ያሉ አምስት ካርታዎች፣ አራት ብቻ ናት፤ ከ649,740 እጅ አንዷ። አንድ ጥንድ 42 በመቶ ይሆናል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ባዶ እጅ ነው። ምንም።

የሚገርመው ሰባት ካርታ ላይ ያለው ነው። በቴክሳስ ሆልደም ሁለቱ የራሳችን፣ አምስቱ የጋራ ናቸው፤ ከሰባቱ ምርጥ አምስት ይወሰዳል። እዚያ ባዶ እጅ 17.4 በመቶ ብቻ ነው፣ ሁለት ጥንድ ግን 23.5 በመቶ። ባዶ እጅ ከሁለት ጥንድ ይልቅ ብርቅ ሆነ! ብርቁ ያሸንፍ ከተባለ ባዶ እጅ ከፍ ማለት ነበረበት። ግን ሞክሩት፦ ባዶ እጅ ያሸንፋል ብትሉ ከሰባት ካርታው ጥንድ የያዘ ሰው ሁሉ አንዱን ጥሎ ባዶ አምስት ይመርጣል፣ ብርቅነቱም ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ደረጃው በአምስት ካርታ እንደተሠራ ቀረ።

ላም አለኝ በሰማይ?

አራት ልብ ይዞ አምስተኛውን መጠበቅን «ላም አለኝ በሰማይ» የሚሉ ጠንቃቃ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። የዚህች ላም ወተት 35 በመቶ ነው። የሚያከራክረው የሳሩ ዋጋ ነው።

መሀል ላይ 100 አለ እንበል። ተጋጣሚዬ የቀረውን 50 በሙሉ አስገባ። እኔ 50 ከፍዬ 200 ለሚሆነው ገንዘብ እወዳደራለሁ። 50 ለ200፣ ሩብ ነው። ከ25 በመቶ በላይ ዕድል ካለኝ መክፈሉ በረጅሙ ያዋጣል። 100 አስገብቶ ቢሆን ደግሞ 100 ለ300፣ 33 በመቶ ያስፈልገኛል። ጭንቅላት ውስጥ ለማስላት አቋራጭ አለ፦ የሚጠቅሙኝን ካርታዎች ቁጥር ሁለት ካርታ ሲቀር በአራት፣ አንድ ሲቀር በሁለት ማባዛት። ዘጠኝ በአራት 36፤ ትክክለኛው 35 ነው። ስትሬት ከሁለቱም ጫፍ ክፍት ሲሆን፣ ማለትም አራት ተከታታይ ይዘን በየትኛውም ጫፍ አንድ ሲጎድለን፣ ስምንት በአራት 32፤ ትክክለኛው 31.5 ነው። 15 ካርታ ላይ ግን 60 ይላል፣ እውነቱ 54 ሆኖ ሳለ። ከፍ ሲል ይዋሻል።

ይሄ አስተሳሰብ ዕድሜው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 የሂሳብ ሊቃውንቱ ፓስካልና ፌርማ የተጻጻፉበት ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር፦ ጨዋታው ሳያልቅ ቢቋረጥ መሀል ያለው ገንዘብ እንዴት ይከፈል? መልሳቸው እስካሁን የተገኘውን ነጥብ ትቶ ገና ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ መቁጠር ነበር።

«ያዋጣል» ማለት ግን አሁን አሸንፋለሁ ማለት አይደለም። በ35 በመቶ ከሦስት ሁለቴ ያህል እሸነፋለሁ፣ በትክክል ወስኜም። ደግሞ ካሲኖ ቤት ከሆነ ከየጨዋታው መሀል ካለው ገንዘብ የቤቱ ድርሻ ይቆረጣል። ስለዚህ ከጎኔ ካለው ሰው እኩል በደንብ ብጫወት እንኳ ሁለታችንም ቀስ በቀስ እየከሰርን ነው። ይሄን ሳይናገር የፖከር ሂሳብ የሚያስተምር ሰው አይመቸኝም።

ሲከፍል ነግሮኛል

ወደዚያው እጅ፣ ወደ ልብ አስ እና ልብ 5፣ ልመለስ፤ 47ን «ያላየሁት» ብዬ ከተረጎምኩት በኋላ አንድ ነገር ይቀረኛልና። ካርታውን አላየሁም። ሰውዬውን ግን አይቻለሁ። ፍሎፑ ሲወጣ ምን አደረገ? ጣለ፣ ዝም አለ፣ ወይስ ትልቅ ገንዘብ አስገባ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ጠረጴዛ የተነገረ ይመስላል።

ጥርጣሬውን በቁጥር ላስቀምጠው። ሁለት 8 ይዞ ከሆነ ከመሀሉ ጋር ሦስት 8 አለው። የልብ 3 ከመጣ እኔ ፍለሽ ሠራሁ፣ እሱ ግን ሦስት 8 እና ሁለት 3፣ ፉል ሃውስ ሠራ። በሱ ተበልቻለሁ። ዘጠኙ ልቦቼ ስምንት ሆኑ ማለት ነው። ከስምንቱ አንዱ ተርን ላይ ቢመጣልኝም ሪቨሩ ላይ ካልታዩት 44 ካርታዎች አሥሩ፣ ፉል ሃውስ ወይም አራት 8 ሰጥተው፣ ያድኑታል። ይሄን ሁሉ ስደምረው የማሸነፍ ዕድሌ 26 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንድ ኪንግና ኩዊን ብቻ ይዞ ከሆነ ደግሞ፣ አስ ቢመጣልኝም ስለማሸንፈው፣ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

50 ካስገባ ጭንቀት የለም፤ በ26 እንኳ መክፈል ይቻላል፣ ለጥቂት። 100 ካስገባ ግን በአንደኛው ግምት መጣል አለብኝ፣ በሌላኛው መክፈል። ሚዛኑ አሁንም እንደ ልቦቹ ነው፦ እያንዳንዱን ግምት በሚሆንበት መጠን አባዝቶ መደመር። ከአራት ጊዜ አንዴ ሦስት 8፣ ሦስቴ ኪንግና ኩዊን ነው ብዬ ካመንኩ 40 በመቶ ይሆናል። እከፍላለሁ። ግማሽ በግማሽ ነው ብልም 35.5 ነውና እከፍላለሁ። ከአራት ሦስቴ ሦስት 8 ነው ካልኩ ወደ 31 ይወርዳል፣ እጥላለሁ።

ልቦቹ ላይ 65፣ 32 እና 3 የሚሉትን ክብደቶች ካርታው ራሱ ሰጥቶኛል። እዚህ ግን ክብደቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ሰውዬው ከዚህ በፊት በምን ካርታ ትልቅ እንዳስገባ፣ በምን እንደጣለ፣ ማን ሲቀድመው እንደሚፈራ አይቼ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይነካ ተቀምጦ ድንገት 100 የሚያስገባ ሰው ላይ 8ቱን ከፍ አደርጋለሁ። እጅ ሁሉ የሚጫወት ለፍላፊ ላይ ደግሞ ኪንጉን።